አራተኛ ገጽ፣ ግርጌ ላይ

ደግሞ የሊፍቱን ገመድ ቅባት ቀብተውታል፣ ዛሬ ጠዋት መሆን አለበት፣ ገና እርጥብ ነው፣ ጓንቷ ላይ ጥቁር ሆኖ ይመጣል፣ ጨርቁ እንዲንሸራተት ነው፣ የትም ቦታ እንዳይያዝ፣ ምክንያቱም የሊፍት ተቆጣጣሪዋ አሮጌ የአንሶላ ቁራጭ ገመዱ ላይ ጠቅልላ ሊፍቱ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ የተበጠሰ ሽቦ እንዳለ ታውቃለች፣ የሕንፃው ሰዎችም ማወቋን ያውቃሉ፣ እና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የብረት ገመድ ስትዳብስ የኖረችን ሴት በቅባት ሊሸውዱ። ንቀት። አይ፣ ንቀት እንኳ አይደለም፣ የሚንቅ ሰው መጀመሪያ ያይሃል፣ እነዚህ እሷን አላዩም፣ ያዩት ፊርማዋን ነው። ከቦርሳዋ ነጭ ጋዝ የያዘውን ጠርሙስ ታወጣለች።

ጨርቁን ነክራ ትፈትጋለች፣ ቅባቱ ይለቃል፣ ከሥሩ ቀይ ዱቄት ይወጣል፣ ዝገት፣ ከውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የመኖሪያ ሕንፃው ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ክፍል፣ ሞተሩ መሃል ላይ፣ ገመዱን የሚጎትተው ትልቁ መዘውር ከጎኑ፣ አራት ገመድ በመዘውሩ ላይ ዞሮ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስምንት ፎቅ፣ ከታች ሳጥን፣ ሊፍት ሲሉት ቀለል ይላል እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሰው የሚገባበት የተንጠለጠለ ሳጥን። ባለፈው ዓመት የመጣው ባልደረባዋ እንከን የለውም ብሎ ፈርሟል፣ አልዋሸም፣ ያየውን ነው የጻፈው፣ ስህተቱ ሊፍቱን ምድር ቤት አቁሞ ማየቱ ነው፣ ሊፍቱ ምድር ቤት ሲቆም ክፉው ቦታ መዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ ይደበቃል፣ ለዓይን የሚቀርበው ደህና ደህናው ነው። እሷ ግን ፍሬኑን ለቃ ሞተሩን በእጇ አንድ ክንድ ያህል ታዞራለች፣ ቀስ፣ ትንሽ ደግሞ፣ በቃ፣ ይኸው፣ የተደበቀው ብቅ አለ፣ በአንድ ስንዝር ውስጥ አሥራ አራት የተበጠሰ ሽቦ። ሁለተኛው ገመድ ላይ አሥራ አንድ። ደንቡ የዚህን ግማሽ አይፈቅድም። ደግማ ትቆጥራለች፣ ያው ነው።

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አለቃዋ። ሃሎ እህቴ፣ እህቴ ካላት ነገር አለ፣ በደብዳቤ እርስዎ ናት፣ በስብሰባ አንቺ፣ ሲፈልጋት እህቴ፣ እንዴት ነው ሕንፃው፣ ጨረስሽ? አልጨረስኩም፣ ሁለት ገመድ አልቋል። ያለው አራት አይደለም እንዴ? አራት ነው። እና ሁለቱ ደህና ናቸው? ናቸው። ታዲያ ሁለቱ ለብቻቸው ይሸከሙታል እኮ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ ያስተማርሽን፣ አዎ እሷ ናት ያስተማረችው፣ ከአሥር ዓመት በፊት ባትሪ ይዞ ከኋላ ከኋላዋ ሲከተል፣ አሁን ከፊቷ ነው፣ ይሁን፣ ስሚኝማ እህቴ፣ አዲሱ ገመድ ታዟል፣ መርከብ ላይ ነው፣ ቢበዛ ሁለት ወር ነው፣ የሕንፃው ባለቤት ደግሞ የዳይሬክተራችን ሰው ነው፣ ዘጋሁት ብትይ ማን ይሰማሻል፣ ደግሞስ ስምንት ፎቅ ሙሉ አሮጊት ሽማግሌ በደረጃ ልታስወጪ ነው? አሳልፊውና ካቪያት ጣል አድርጊበት፣ አለቀ። ጨው ጣል አድርጊበት እንደሚባለው ነው የሚላት። አያለሁ፣ ትላለች፣ ስልኩን ትዘጋለች።

ካቪያት። የሪፖርቱ አራተኛ ገጽ ግርጌ ላይ ያለች ሳጥን፣ ቅጹ ከውጭ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ተተርጉሞ ይቺ ቃል ብቻ ሳትተረጎም ቀረች፣ ማንም አልነካትም። ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉት የድሮው ዋና መሐንዲስ፣ ሥራ የጀመረች ሳምንት አጠገባቸው አስቀምጠዋት፣ ስሚ ልጄ፣ ይሄ ላቲን ነው፣ ይጠንቀቅ ማለት ነው፣ ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት፣ ይጠንቀቅ፣ ማን? አላወቀችም። እሱን ሳታውቂ አትጻፊው፣ አሏት፣ እሷም ሽማግሌው ሊፈትኑኝ ነው ብላ በሆዷ ስቃ ነበር፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ በሁሉም ነገር በሆዷ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ቃሉ ሰው አፍ ገባ፣ የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ሥልጠና ላይ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ካቪያት ማለት የድርጅቱንና የባለሙያውን ተጠያቂነት የሚገድብ መግለጫ ነው፣ ተመዝግቧል? ሁሉም መዘገበ፣ እሷም መዘገበች። ጸሐፊዋ ስለ እጮኛዋ ስትጠየቅ፣ ልጁ ደህና ነው ግን ካቪያት አለው፣ ምን? እናቱ፣ ቢሮው በሳቅ ሞተ። ሾፌሩ ጎማው ልሙጥ ሆኖ ሲያልቅ፣ ትሄዳለች ባክሽ፣ በካቪያት ትሄዳለች። አዲስ የሚቀጠሩት ደግሞ ገና ሕንፃውን ሳያዩ ይጽፉታል፣ ጠዋት ቢሮ ቁጭ ብለው፣ ጊዜ ለመቆጠብ፣ ተጠንቀቁ የነበረው ተጠንቅቄያለሁ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሳይነግሩ ነግሬያለሁ የሚያሰኝ ነገር፣ ማንም አይደነግጥ፣ ማንም አይጠየቅ። እሷስ? እሷም አንዷ ነበረች፣ አትዋሺ፣ ከሁሉም ይበልጥ የምታሳምረው እሷ ነበረች፣ ጓደኞቿ አርሚልን ብለው ያመጡላት ነበር።

ሦስት ዓመት ሆነው። ሌላ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊ ይሠራል፣ በዚያ ፎቅ የሊፍቱ በር መቆለፊያ ይላላል፣ አሥር ጊዜ ሲስቡት ዘጠኙን ይይዛል፣ አንዱን ሊፍቱ ሳይኖር ይከፈታል፣ በእጇ ስባ አይታዋለች፣ ጉድጓዱን አይታዋለች፣ ጨለማውን፣ ከታች የመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቷን ነክቷታል፣ እና ምን አደረገች፣ አሳለፈችው። ግርጌው ላይ ግን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ የሦስተኛው ፎቅ በር መቆለፊያ አልፎ አልፎ የመላላት ሁኔታ የሚታይበት በመሆኑ ተገቢው ክትትል ቢደረግበት፣ ቢደረግበት፣ በማን፣ ሪፖርቱ ሄደ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ፋይል ውስጥ ገባ፣ ፋይሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ቁም ሳጥኑ ተቆለፈ፣ የእሱ መቆለፊያ አይላላም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ስድስት ሙሉ ልብስ በሁለት እጁ እስከ አገጩ ታቅፎ፣ ደንበኛው ታች እየጠበቀው፣ በሩን በእግሩ ጫፍ ስቦ ገባ። ወለል አልነበረም።

አልሞተም። ሁሉም አልሞተም እኮ ይሏት ነበር፣ ደስ እንዲላት። ከወገቡ በታች ግን አልተነሳም። አጣሪ ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ሰብሳቢው አራተኛውን ገጽ ገልጦ ግርጌውን በጣቱ ነካ፣ አነበበ፣ ለግራና ለቀኙ አሳየ፣ ጽፈዋል፣ እንኳን ጻፉ፣ ይሂዱ፣ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኮሪደሩ ላይ አለቃዋ እጇን ጨብጦ፣ ካቪያትሽ አዳነሽ። እሷን አዎ፣ አድኗታል፣ ቤቷ ገብታ እራቷን በላች፣ እንቅልፍም ወሰዳት፣ እስከዛሬ የምታፍረው በዚያ እንቅልፍ ነው።

ልብስ ሰፊውን ልትጠይቅ ሄደች። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፣ የስፌት መኪናው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሷል፣ ሚስቱ ወንበር አቀረበችላት፣ ማን እንደሆነች ተናገረች፣ ቀጥላም፣ አፏን በቆረጠው ኖሮ፣ እኔ እኮ ጽፌ ነበር፣ አለችው፣ እንዲያውቅላት። ሰውዬው አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የት ነው የጻፍሽው እህቴ? ሪፖርቱ ላይ። በሩ ላይ አልጻፍሽም? አልጻፍኩም። ጣቶቹ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እየተከተሉ ይሄዳሉ፣ ስፌት እንደሚፈትሽ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ፣ አላት። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትመጣ እሷ ተነስታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አላሳልፍም፣ አሻፈረኝ ብላለች፣ ሁለት ጊዜም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፣ እርስዎ የተሰጠዎትን መመሪያ ወደ ጎን በመተው፣ እርስዎ ከሥራ ድርሻዎ ውጪ በመንቀሳቀስ፣ ሦስተኛው ስንብት ነው፣ እሷም ታውቀዋለች፣ ባሏም ያውቃል፣ ጠዋት ጫማዋን ስታስር በሩ ላይ ቆሞ፣ የኔ እናት፣ ዛሬ ደግሞ ሽንጥሽን እንዳትገትሪ፣ የትልቋ ልጃችን ትምህርት ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ እሺ አለችው፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል። እሱም ፈርቶ ነው፣ እሷም ፈርታለች፣ አልፈራሁም ብትል ውሸቷን ነው። እና ደግሞ የሚያናድደው አለቃዋ ሁሉንም አለመዋሸቱ ነው፣ ሁለቱ ገመድ ሁለት ወር ሊሸከሙ ይችላሉ፣ ምናልባት ዓመትም፣ የልብስ ሰፊውም በር ከአሥሩ ዘጠኙን ይይዝ ነበር። ደረጃ ላይስ ሰው አይወድቅም? የልብ ሕመምተኛ የለም? ነፍሰ ጡር የለችም? ትኖራለች፣ ግን ደረጃ የሚወጣ ሰው ምን ላይ እንደቆመ ያያል፣ ሲደክመው ያርፋል፣ ሲያቅተው ይመለሳል፣ ሊፍት ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው ቁጥር ነው፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እየበራ፣ ከአናቱ በላይ አሥራ አራት ሽቦ መበጠሱን ማን ነገረው? እሷ ናት የምታውቀው። በዚህ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ፣ በዚህች ሰዓት፣ ቅባቱን ከቀባው ሰውዬ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። አራተኛው ገጽ፣ ሳጥኗ፣ ባዶ። ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በሁለቱ ገመዶች ላይ የመዳከም አዝማሚያ የተስተዋለ በመሆኑ፣ እንዴት ያምራል፣ ማንንም አይቀሰቅስም፣ አንድም ሰው ከወንበሩ አያስነሳም፣ እና እጇ እየጻፈው እንደሆነ ታያለች፣ የመዳከም አዝ፣ እዚያ ላይ ትባንናለች። አዝማሚያ አፍንጫውን ይላስ። ትሰርዘዋለች፣ ደግማ ትሰርዘዋለች፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ፣ ወደ አንደኛው ገጽ ትመለሳለች፣ ውጤት የሚለው ቦታ ላይ በትልልቁ፣ አላለፈም። ፊርማዋን ታኖራለች፣ ሰፋ አድርጋ፣ ፊርማ ነበር የፈለጉት፣ ይኸው። ሊፍቱ ውስጥ ማንም የለም፣ ዛሬ ፍተሻውን ስትጀምር ራሷ ባዶውን አይታ በሩን ዘግታለች፣ ዋናውን ማብሪያ ወደ ታች ትስበዋለች፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ቀይ ጓጉንቸሯን ማብሪያው ላይ ትቆልፋለች፣ ተቆጣጣሪ ሁሉ አንድ አለው፣ ስሟ ተጽፎበታል፣ መክፈቻው አንድ ነው፣ የቆለፈው ሰው ካልሆነ ማንም እንዳይከፍተው ደንቡ ይከለክላል፣ ደንብ የምትወድበት ቀን ይሄ ነው። መክፈቻውን ኪሷ ትከታለች።

ከዚያ በደረጃ ትወርዳለች። በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆማ ትጽፋለች፣ በወፍራም ማርከር፣ በተረፉት ቅጾች ጀርባ፣ ይህ ሊፍት ተዘግቷል። ሁለት ገመዱ አልቋል። ብትሳፈሩበት ሊወድቅ ይችላል። አይቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ጥያቄ ያለው ይደውልልኝ፣ ሥሩ ስልኳ። ሰባተኛ ላይ የታጠበ ልብስ ሳሙና ይሸታል፣ አምስተኛ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን፣ እሽሩሩ የምትል ሴት፣ ሦስተኛ ላይ በር ሥር የተደረደረ ጫማ፣ የወንድ፣ የሴት፣ ሁለት ትንንሽ፣ እዚያ ትንሽ ትቆማለች። ሲለጠፍ ፕላስተሩ እንዳይላቀቅ አራቱንም ጠርዝ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። ዘጠነኛውን ምድር ቤት በር ላይ ስትለጥፍ ጥበቃው ከወንበሩ ይነሳል፣ ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ የሕንፃው አስተዳዳሪ ከላይ ሰው ነግሮት ደውሎ የምትለጥፈውን ገንጥል ብሎኛል። ገንጥለው፣ ትለዋለች፣ መጀመሪያ ግን አንብበው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፣ ሲጨርስ ሊፍቱን ያያል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያደርጋል፣ በዚህ ነው እንዴ እኔ ስወጣ ስወርድ የኖርኩት? በዚህ ነው። እንግዲህ ራሱ መጥቶ ይገንጥለው፣ እኔ የተቀጠርኩት ለጥበቃ ነው፣ ብሎ ይቀመጣል።

ስልኩ። እህቴ የለም አሁን። ምንድን ነው ያደረግሽው? ዘጋሁት። ካቪያት ጻፊ አላልኩሽም? ጽፌያለሁ፣ ዘጠኝ ቦታ። ቀልድ አታድርጊው፣ ዳይሬክተሩ ቢሮዬ ድረስ መጥቷል፣ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ነው የምጽፈው፣ ገብቶሻል፣ ዛሬውኑ ይደርስሻል። ጻፈው፣ ትላለች፣ ጻፈውና ላክልኝ፣ የእናንተ ማስጠንቀቂያ ቢያንስ የሚመለከተው ሰው እጅ ይደርሳል። ከዚያ ባትሪ ይዞ ሲከተላት በነበረው ድምፅ፣ ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ፣ እኔስ ምን ልበላቸው? ያየሁትን ንገራቸው፣ አሥራ አራትና አሥራ አንድ። መክፈቻውን አምጪ እሺ፣ ቢያንስ መክፈቻውን። ገመዱ ሲቀየር መጥቼ እከፍታለሁ። ሠራተኛ ካልሆንሽስ? ሳልሆንም እመጣለሁ፣ በእግሬም ቢሆን። ይዘጋባታል። የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ትቀመጣለች፣ ባሏን ማሰብ ትጀምራለች፣ ምን ብላ እንደምትነግረው፣ ከየት እንደምትጀምር፣ ከልብስ ሰፊው ትጀምራለች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ነገር አልነገረችውም።

አንዲት አሮጊት ይገባሉ። በሁለት እጃቸው ፌስታል፣ አንዱ ውስጥ ሽንኩርት፣ አንዱ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያሸገው ነገር፣ ሊፍቱ ጋ ቆመው ወረቀቱን አንዴ ያነባሉ፣ አሁንም ያነባሉ፣ ዘወር ይላሉ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የለጠፍሽው? እኔ ነኝ እማማ። ስምንተኛ ነኝ እኮ እኔ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉልበቴ በብረት ነው የተያያዘው፣ ሐኪም ደረጃ ከልክሎኛል። አውቃለሁ እማማ፣ ትላለች፣ አታውቅም፣ ግን ሊፍቱ ሊገድልዎት ይችላል። ደረጃውስ? ዕቃውን ልያዝልዎት ብላ ትነሳለች፣ እሳቸው ፌስታሉን ወደ ደረታቸው ይስባሉ፣ ተይኝ፣ ያሸከምሽኝ ይበቃኛል። እርከኑ ላይ ያልፏታል፣ ቀሚሳቸው ትከሻዋን ይነካታል።

እና ስድቡ ይጀምራል። አንደኛ ፎቅ ሳይደርሱ፣ እናት የላትም ይቺ፣ እናት ያላት ሰው እንዲህ አያደርግም። አንደኛ ላይ ትንፋሽ፣ ፌስታል ሲቀመጥ፣ ሲነሳ። ሁለተኛ፣ ወረቀት ለጣፊ፣ የተማረች ደንቆሮ። ጥበቃው ሳቁን በእጁ ይይዛል፣ እሷ አትስቅም፣ ጆሮዋን ወደ ላይ ሰጥታ የእግራቸውን ድምፅ ትቆጥራለች፣ አንድ ደህና እግር፣ አንድ የሚጎተት። አራተኛ፣ ዓይኗን አይታችኋል፣ ድርቅ ያለ። አምስተኛ ላይ ዝም። ዝምታው ይረዝማል። ትነሳለች፣ የደረጃውን መደገፊያ ትይዛለች፣ አንድ እርከን ትወጣለች፣ ሁለት፣ ይሄስ የማን ነው፣ ይሄም የኔ ነው፣ ከሆነ የኔ ነው፣ ግርጌ ላይ አልደበቅም፣ ሦስት፣ አራት፣ እማማ፣ እማማ ደህና ነዎት? ምንም። እማማ? ከላይ፣ በጣም ከላይ፣ እያረፍኩ ነው፣ ማረፍም ልትከለክይኝ ነው አንቺ? እጇ መደገፊያው ላይ ይላላል። ስድስተኛ፣ ስንት ሰው ሥራ አጥቶ ይቺ ተቀጥራ። ሰባተኛ፣ ትንፋሹ ብቻ፣ የሚጎተተው እግር፣ ከዚያም አንድ ቃል፣ ባለጌ። ስምንተኛ። መክፈቻ ሲፈለግ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ሰምተሻል ግን? ሰምቻለሁ እማማ፣ ሁሉንም። በሩ ጓ ብሎ ይዘጋል፣ ድምፁ በስምንቱም ፎቅ ይወርዳል፣ ገብተዋል፣ በእግራቸው፣ እየተሳደቡ፣ ሙሉ ሰው።